ውሾቹን አርቪ ውስጥ ትተን ብንወጣስ?

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔና ባለቤቴ በሐምሌ አርቪ፣ ማለትም መኝታና ማብሰያ ያለው የጉዞ መኪና፣ ተከራይተን ለሦስት ሳምንት ልንጓዝ ነው። ዛየን፣ ግራንድ ካንየንና የሎውስቶን የሚባሉትን የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ለማየት አስበናል። ሁለት ውሾች አሉን። ቡቺ ስምንት ዓመቱ ነው። ቡልዶግ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሲተኛ ይውላል። ሚሚን ከመጠለያ ካመጣናት ገና ሰባት ወር ነው። ብቻዋን ስትሆን ታላዝናለች። በእግር ለመጓዝ ስንወጣ አራትና አምስት ሰዓት እንቆያለን። ኤሲውን ከፍተን፣ ውሃ አስቀምጠን፣ በሩን ቆልፈን ብንሄድ ችግር አለው? የምናውቃቸው ሰዎች «እኛ ሁሌም እንደዚያ ነው የምናደርገው» ይሉናል። ውሾቹን ቤት ትተን መጓዝ ደግሞ አንፈልግም።

መልስ

እህቴ፣ ከመሄድሽ በፊት ስለጠየቅሽኝ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ከደረሰበት በኋላ ነው።

ሦስት ሰመር ካምፕ ሆስት ሆኜ ሠርቻለሁ። ካምፕ ሆስት ማለት የራሱን ተጎታች ይዞ እዚያው ካምፑ ውስጥ የሚኖር፣ እንግዳ የሚቀበልና ቅሬታ የሚሰማ በጎ ፈቃደኛ ነው። ከሰማሁት ቅሬታ አብዛኛው ስለ ውሻ ነበር። ከሁሉም የማይረሳኝን አንዱን ልንገርሽ።

ጊዜው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። ከእኔ አራት ቦታ አለፍ ብሎ በቆመ ተጎታች ውስጥ አንድ ውሻ ከጠዋት ጀምሮ ይጮሃል። ጎረቤቶቹ ሁለት ጊዜ መጥተው ነግረውኛል። ባለቤቶቹ የሉም። ድንገት ጩኸቱ ቆመ። ጎረቤቶቹ «ተመስገን» አሉ። እኔ ግን ደነገጥኩ። ሄጄ ከተጎታቹ አጠገብ ቆሜ አዳመጥኩ። የኤሲው ድምፅ የለም። የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ከፍቼ ሳይ ብሬከሩ፣ ማለትም ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጠው ማብሪያ ማጥፊያ፣ ወድቋል። ባነሣው ወዲያው ተመልሶ ወደቀ። የሰው በር የመክፈት ሥልጣን ስላልነበረኝ ሬንጀር፣ ማለትም የፓርኩን ጠባቂ፣ ጠራሁ። ሬንጀሩ እስኪደርስ የጠበቅነው አሥራ ሁለት ደቂቃ ዛሬም ይሰማኛል። በሩ ሲከፈት ውሻው ደፉ ላይ ሆዱን ወለሉ ላይ ለጥፎ ተኝቷል። ምላሱ ደም መስሏል። ያየናል፤ ግን አይነሣም። በጎማ ውሃ አረጠብነው፣ በካርቶን አራገብንለት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ተወሰደ። ተረፈ።

ባለቤቶቹ ማታ ሲመለሱ ሴትየዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ኤሲ ከፍተው፣ ውሃ አስቀምጠው፣ በር ቆልፈው ነው የሄዱት። ልክ አንቺ እንዳሰብሽው።

ብሬከሩ ለምን እንደወደቀ በደንብ እንድትረጂልኝ እፈልጋለሁ። ብዙ አርቪዎች የሚሰኩት 30 አምፕ ላይ ነው። በ120 ቮልት ሲሰላ 3,600 ዋት ማለት ነው። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ግን አንድ የጣሪያ ኤሲ ብቻውን ከ12 እስከ 16 አምፕ ይወስዳል። የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ከተተወ 12 አምፕ ያህል ይጨምራል። ፍሪጁና የባትሪው ቻርጀር ሲደመሩበት ጫፍ ላይ ደረስሽ። ጠዋት ስትወጪ ሁሉም ደህና ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበረታ ግን ኤሲው ሳያርፍ ይሠራል፤ የሚስበውም ይጨምራል። ብሬከሩ ራሱ ፀሐይ የሚመታው ሳጥን ውስጥ ስለሆነ ሲግል ቶሎ ይወድቃል። በዚያ ላይ የካምፑ ሰው በሙሉ በዚያው ሰዓት ኤሲውን ስለሚከፍት ቮልቴጁ ይወርዳል። አንዳንዱ አርቪ ቮልቴጅ ሲወርድ ዕቃዎቹ እንዳይቃጠሉ መብራቱን የሚቆርጥ መከላከያ አለው። ዕቃው ይድናል፤ ውስጥ ያለው ውሻ ግን ኤሲ አጥቶ ይቀራል።

ስለዚህ ውሻ ትተሽ በምትወጪበት ቀን የውሃ ማሞቂያውን ከኤሌክትሪክ አጥፊው። ከኤሲውና ከፍሪጁ በቀር የተሰካ ነገር አይኑር። የምድጃውን ጋዝ ደግሞ ከሲሊንደሩ ዝጊው። ውሻ ወደ መስኮት ለማየት ሲንጠላጠል የምድጃ ማዞሪያ በእግሩ ሲከፍት አይቻለሁ።

«መስኮት ትንሽ ገርበብ ብናደርግስ?» የምትዪ ከሆነ፣ በእሱ አትተማመኚ። እ.ኤ.አ. በ2005 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ እንዴት እንደሚጨምር ለክተው ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ በ40 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም በ22 ሴንቲግሬድ ያህል ጨመረ። ከጭማሪው 80 በመቶው የመጣው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። ውጭው 22 ሴንቲግሬድ በሆነ ደስ የሚል ቀን እንኳ እንደዚያው ነበር። መስኮቱን ገርበብ ማድረግ ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አርቪ ከመኪና ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ቀስ ሊል ይችላል። ግን ትልልቅ መስኮቶች አሉት፣ ጣሪያውም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል።

ምን ያህል ቀስ እንደሚል እኔ ልነግርሽ አልችልም። አንቺ ግን ልትለኪው ትችያለሽ። ከሁሉም ይልቅ ይህን ምክሬን ያዢ። በጉዞው የመጀመሪያ ቀን፣ ቀኑ በጣም በሚሞቅበት ሰዓት፣ ውሾቹን ይዛችሁ ውጭ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ውስጥ ወለሉ አጠገብ ቴርሞሜትር አስቀምጪ። አርቪው በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ኤሲውን አጥፊና በሩን ዝጊ። 27 ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፊ። 25 ደቂቃ ነው እንበል። እንግዲህ ከውሾቹ ልትርቂ የምትችዪው የዚያን ግማሽ ያህል ነው፤ በ12 ደቂቃ ተመልሰሽ በሩን መክፈት መቻል አለብሽ። አራት ሰዓት ወይስ አምስት ሰዓት ልቆይ የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። በአሥር ደቂቃ የሚደረስበት ቦታ ሁለት ሰዓት መቆየት፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ግማሽ ሰዓት ከመቆየት ይሻላል።

ግማሹን ያልኩት መብራት መጥፋቱን ወዲያው ስለማታውቂ ነው። ለዚህ የሚረዳ መሣሪያ አለ። ሙቀቱ ሲጨምር ወይም መብራት ሲጠፋ ስልክሽ ላይ መልእክት ይልካል። ስትገዢ አንድ ነገር ልብ በዪ። በዋይፋይ የሚሠራውን አትግዢ። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ በጣም በምትፈልጊበት ሰዓት ዝም ይልሻል። የራሱ ሲም ካርድና የራሱ ባትሪ ያለው ይሻላል። እሱም ቢሆን የሚጠቅመው አርቪው ያለበትም አንቺ ያለሽበትም ቦታ ኔትወርክ ካለ ነው። ዛየን ካንየን ውስጥ ስልክ በአብዛኛው አይሠራም። መልእክቱ የሚደርስሽ ወጥተሽ ስትመለሺ ነው።

ጄኔሬተር ከፍቶ መሄድን እኔ አልመክርም። በብዙ ብሔራዊ ፓርኮች ካምፕ ጄኔሬተር የሚፈቀደው በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው። ነዳጁ ሊያልቅ ይችላል። ጭሱ ውስጥ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዝ አለ፤ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውሻ ከ6 ጫማ፣ ማለትም ከ1.8 ሜትር ያህል በማይበልጥ ማሰሪያ መያዝ አለበት። አንድ ነገር ላይ አስሮ ጥሎ መሄድ፣ ለዚያ ተብሎ ከተመደበ ቦታ በቀር ክልክል ነው። አርቪ ውስጥ ስለመተው ግን እንደ ፓርኩና እንደ ካምፑ ይለያያል። የግል ካምፖችም እንደዚያው ናቸው። አንዱ «ውስጥ ከሆነ ግድ የለኝም» ይልሻል። ሌላው ለአንድ ደቂቃም አይፈቅድም፤ ካስጮህሽ ያስወጣሻል። ቦታ ስትይዢ ደውለሽ ጠይቂ። ያከራየሽንም ድርጅት ጠይቂ፤ በኪራዩ ውል ላይ ስለ ውሻ የተጻፈ ነገር ሊኖር ይችላል።

የመረጥሻቸውን ሦስት ፓርኮች አንድ በአንድ እንያቸው። የሚያስጨንቀኝ ዛየን ነው። በሐምሌ 38 ሴንቲግሬድ ማለፍ የተለመደ ነው። ወደ ካንየኑ የሚወስደው የፓርኩ አውቶቡስ ውሻ አይጭንም። ውሻ የሚፈቀድበት የእግር መንገድ ፓሩስ የሚባለው አንዱ ብቻ ነው። እናንተ ደግሞ አውቶቡስ ተሳፍራችሁ ከገባችሁ በ12 ደቂቃ አትመለሱም። ስለዚህ ዛየን ላይ ውሾቹን አርቪ ውስጥ አትተዉ። በአቅራቢያው ባሉ ከተሞች ውሻ ለቀን የሚያቆዩ አሉ፤ ከአሁኑ ፈልጊና ያዢ። ወይም ተፈራረቁ። አንድ ቀን ባለቤትሽ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ይመለስ፤ በማግስቱ አንቺ ውጪ። አብሮ ባለመሄዳችሁ ቅር እንደሚልሽ አውቃለሁ። እኔና ባለቤቴ ስንት ዓመት እንደዚያ ተጉዘናል። ማታ ማታ እሱ ያየውን ይነግረኛል፣ እኔ ያየሁትን እነግረዋለሁ። አሁን ሳስበው ከጉዞዎቹ የምወደው ያንን ነው።

ግራንድ ካንየን ይቀልላል። ደቡብ ሪም የሚባለው የገደሉ ደቡባዊ አፋፍ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ እንደ ዛየን አያቃጥልም። ከገደሉ አፋፍ በላይ ባሉት መንገዶች ውሾቹን በማሰሪያ ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ወደ ታች ለመውረድ ከፈለጋችሁ እዚያው ፓርኩ ውስጥ የውሻ ማቆያ አለ። የክትባት ወረቀታቸውን ይዘሽ ሂጂ። ቦታም ቀደም ብለሽ ያዢ።

የሎውስቶን አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፤ ሕጉ ግን ጥብቅ ነው። ውሻ በእግር መንገዶቹም፣ ፍል ውሃዎቹ አጠገብ ባለው የእንጨት መንገድም ላይ አይፈቀድም። ከመኪና መንገድ፣ ከመኪና ማቆሚያና ከካምፕ 100 ጫማ፣ ማለትም 30 ሜትር ያህል ብቻ ነው ሊርቅ የሚችለው። ይህ ሕግ ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 እዚያ አንድ ወጣት የጓደኛውን ውሻ ለማዳን ፈልቶ ከሚንተከተክ ምንጭ ውስጥ ዘሎ ገባ። እሱም ውሻውም ሞቱ። ሌላው ነገር፣ በፓርኩ ውስጥ አርቪ ከመብራት ጋር የሚሰካበት ካምፕ ፊሺንግ ብሪጅ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ከያዛችሁ ኤሲውን ከሐሳባችሁ አውጡት።

ቡቺና ሚሚን አንድ ላይ ጠየቅሽኝ እንጂ ጉዳያቸው የተለያየ ነው።

ቡቺ ቀኑን ሙሉ መተኛቱ አያታልልሽ። ውሻ እንደ እኛ በላብ አይበርድም። ራሱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። አፍንጫው የተጨፈለቀ ውሻ ደግሞ የአየር መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ማለክለኩ ብዙም አይረዳውም። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። 41 ሲያልፍ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ቡልዶግ እዚያ የሚደርሰው ከሌላው ውሻ ቀድሞ ነው። ለእሱ ስትዪ ከለካሽው ደቂቃ ላይ ገና ቀንሺ። ሲያለከልክ ድምፁ ከጎረነነ፣ ለሃጩ ከወፈረ፣ ከተንገዳገደ፣ ወደ ሐኪም ለመሮጥ አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ እዚያው በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቢውና አራግቢለት። ከዚያ ውሰጂው።

የሚሚ ችግር ሙቀት አይደለም። ፍርሃት ነው። ከመጠለያ ከወጣች ገና ሰባት ወሯ ነው። ቤትሽን ገና አሁን ነው የለመደችው። ያንን ትታ፣ የማታውቀው ሽታ ያለበት ሳጥን ውስጥ፣ ውጭ እንግዳ ሰውና እንግዳ ውሻ እያለፈ፣ በሩ ይዘጋባታል። እኔ ብሆን እኔም አላዝናለሁ። ከቻልሽ አርቪውን ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ተከራዪና ደጃችሁ ላይ አቁሙት። እዚያ ውስጥ አብራችኋት አንብቡ፣ ተኙ። ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ውጪ። ሳታላዝን ተመለሺ። ሦስት ደቂቃ አድርጊው። ከዚያ ሰባት። ስልክሽን እየቀረጸ ውስጥ ትተሽ ውጪ፤ ካልሰማሽው ምን እንደምታደርግ አታውቂም። ብዙ ሰው «የእኔ ውሻ አይጮህም» የሚለኝ እሱ ባለበት ስለማትጮህ ነው። ስትወጪ አትሳሚያት፣ አትሰናበቺያት። የለበስሽውን ልብስ ተዪላት። መጋረጃዎቹን ዝጊ። የጣሪያው ማራገቢያ ድምፅ የውጭውን ኮቴ ይሸፍንላታል። የምትተኛበትን የውሻ ሳጥን ከወደደችው እዚያ ውስጥ ትሁን። ካልወደደችው ግን አታስገድጃት፤ ጥርሷን እስክትሰብር ብረት የምትነክስ ውሻ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ከመውጣትሽ በፊት አረጋግጪ። የጭስና የጋዝ መጠቆሚያው ባትሪ አዲስ ይሁን። ባትሪው ሲደክም በየደቂቃው «ጢጥ» ይላል። ለእኛ ምንም አይደለም። ለፈሪ ውሻ ግን ለሦስት ሰዓት መቋጫ የሌለው ጭንቀት ነው።

ቀረጻው ላይ በሩን ስትቧጥጥ፣ ለሃጯ ሲዝረከረክ፣ ስትሸና ካየሽ እልህ እንዳይመስልሽ። ተሸብራለች። የእንስሳት ሐኪም አማክሪ። ፍሉኦክሰቲንና ክሎሚፕራሚን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። ነገር ግን የሚሠሩት ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ በጉዞው ዋዜማ አይጀመሩም። በሐምሌ ከሆነ የምትሄጂው፣ ቀጠሮውን በዚህ ሳምንት ያዢ።

በመጨረሻ አንድ ወረቀት። ቅድም የነገርኩሽ ተጎታች ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢኖር ኖሮ አሥራ ሁለት ደቂቃ ባልጠበቅን። በእንግሊዝኛ በትልቁ ጻፊና በሩ ላይ ለጥፊ፦ «ውስጥ ሁለት ውሾች አሉ። የኤሲው ድምፅ ካልተሰማ እባክዎ ይደውሉልኝ።» ከሥሩ የሁለታችሁንም ስልክ ቁጥር። ትርፍ ቁልፍ ለሆስቱ መስጠት የሚቻል እንደሆነም ጠይቂ። አንዳንዱ ይቀበላል።

ጥያቄ

ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከባለቤቴ ጋር አርቪ ይዘን እንዞራለን። ሰሞኑን ጎረቤታችን ከሄደበት ሰዓት ጀምሮ እስኪመለስ ውሻው ይጮሃል። ትናንት አራት ሰዓት ጮኸ። ሲመጡ ልንገራቸው ወይስ ልተወው? ጠበኛ መስሎ መታየት አልፈልግም።

መልስ

ጋሼ፣ ይንገሯቸው። ሰዎቹ አያውቁም ይሆናል። ሲመለሱ ውሻው በደስታ ጅራቱን እየቆላ ነው የሚቀበላቸው። «ውሻችሁ ረበሸን» ከማለት «እናንተ ሳትኖሩ በጣም ይጨነቃል፤ እንድታውቁት ብዬ ነው» ቢሏቸው ይሰማሉ። ስንት ሰዓት እንደጀመረና ስንት ሰዓት እንደቆመ ቢነግሯቸው ደግሞ ይረዳቸዋል። ካልሰሙ ለሆስቱ ይተዉት። ሥራው ነው።

ከዚያ በላይ የምለምንዎት ሌላ ነገር አለ። እርስዎ ቅርብ ነዎት። ቀኑ ሲሞቅ ጣሪያቸው ላይ ያለው ኤሲ ይሰማ እንደሆነ ጆሮ ይስጡት። ኤሲው ጠፍቶ ውሻው በኃይል ሲያለከልክ በመስኮት ካዩ፣ ወይም የሚጮህ የነበረው ድንገት ዝም ካለ፣ ባለቤቶቹን አይጠብቁ። ወዲያው ለሆስቱ ወይም ለሬንጀሩ ይደውሉ። ካልተገኙ ወደ አደጋ ጊዜ ስልኩ 911 ይደውሉ። መስኮት ለመስበር አይቸኩሉ፤ ሲደውሉ የሚነግሩዎትን ያድርጉ። የቦታውን ቁጥር ይንገሩ፣ ሰዓቱን ይመዝግቡ፣ እዚያው ይቆዩ።

ጥያቄ

ውሻዬን ውጭ፣ ከአርቪው ሸራ ሥር አስሬው ሻወር ወስጄ ብመለስስ? 20 ደቂቃ ብቻ ነው።

መልስ

አይሆንም፣ ወንድሜ። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሆንክ ሕጉ ራሱ ይከለክልሃል። ሌላ ቦታም ቢሆን ማሰሪያው በወንበር እግር ተጠምጥሞ አንገቱን ሊያንቀው ይችላል። ያልታሰረ ውሻ ቢመጣበት መሸሻ የለውም። ድብ ወይም ኮዮት የሚባለው ቀበሮ መሰል አውሬ ባለበት አካባቢ ከሆንክ ጭራሽ አታስበው። ሻወሩ ቅርብ ከሆነና ካምፑ ከፈቀደ ውስጥ አስገባው። በሩን ከዘጋህ በኋላ ትንሽ ቆም በልና የኤሲውን ድምፅ ስማ። ከዚያ ሂድ።